ፈረስ አያመነዥክም

‹‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም›› የሚለውን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ስንት ንግግር ተከፍቶበታል፤ ስንት ክርክር ተዘግቶበታል። ይሁን እንጂ ተረቱ ፈረስን የሚያነሳው እስከሚያደርስበት ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ካደረሰ በኋላ የት አደረ? ምን በላ? ማን ውኃ አጠጣው? ይህን አይነግረንም። መቼም በተረት አይፈረድም፤ ታሪካችንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላደረገም።

አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ናቸው። ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባላሉ። ሰው በፈረሱ ስም የሚከበርበት አገር ነው ያለን። ፈረሱን ሲያበላ የኖረውን ሰው ስም ግን ማን ያስታውሳል? በቤተ መንግሥት የፈረሶችና የበቅሎዎች አለቃ ባልደራስ ይባል ነበር። ዛሬ አዲስ አበቤው ባልደራስን የሚያውቀው በሰፈርነቱ ነው። እኔም ብሆን ጋዜጠኝነት ስማር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና እንዴት ብለህ ጠይቅ ተባልኩ እንጂ ‹‹ማን አበላው?›› ብለህ ጠይቅ ያለኝ መምህር አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የአጎቴ ፈረስ ነው።

በ2011 ዓ.ም ግንቦት ላይ ወደ መንዝ ወጥቼ ነበር። መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ነው መንገዱ። የአጎቴ ቤት ደግሞ ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለው፤ በፈረስ ከሆነ ከዚያ ያንሳል። አጎቴ በዚያን ጊዜ 72 ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ገበያቸውም፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም፣ ጤና ጣቢያቸውም፣ የዘመድ ልቅሶአቸውም በዳማው ጀርባ ላይ ነው። ገብስ ወደ ገበያ የሚወርደው፣ ጨውና ጋዝ ወደ ቤት የሚወጣው በእሱ ነው። ፈረሱ ወደቀ ማለት እሳቸው ከቤት ቀሩ ማለት ነው።

ፈረሱ ደግሞ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። ጎድኑ ከአጥር ውጭ ይቆጠራል። አከርካሪው እንደ ቤት ጣሪያ ሾሏል፤ የዳሌው አጥንት በሁለት በኩል ተገትሯል፤ አንገቱ ቀጥኖ ጋማው የተዋሰው ይመስላል። ሥጋ በሌለበት ጀርባ ላይ የተቀመጠ ኮርቻ አጥንት ይፈጫልና ገጣባ አውጥቷል። በጥምቀት ጉግስ ሜዳውን ያስጨንቅ የነበረ ፈረስ ነው።

በቤቱ ውስጥ አራት ዓይነት ፍርድ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ጎረቤት ‹‹ዓይን ገብቶበታል፤ በብረት ይተኮስ›› ብሏል። የአጎቴ አማች ‹‹አርጅቷል፤ የሚገዛው ካለ ይሸጥ፣ ከሌለም ሜዳ ላይ ይለቀቅ›› ብሏል። ሜዳ ላይ መልቀቅ ማለት ለጅብ መስጠት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በዚያ ስሙ የሚጠራው የለም። አጎቴ ‹‹ገብስ ይሰጠው›› ይላሉ። አክስቴ ደግሞ ‹‹ገብስ የለም›› ይላሉ።

አክስቴ የግሼ ሰው ናቸው። ገብስ የለም ሲሉ ጭራሽ የለም ማለታቸው አልነበረም። የበልጉ ገብስ ገና አልደረሰም፤ ጎተራው ውስጥ ያለው ደግሞ በእሳቸው ልብ ውስጥ ተሰፍሮ አልቋል። ይህን ያህሉ ለዘር፣ ይህን ያህሉ ለክረምቱ እንጀራ፣ ይህን ያህሉ ለበሶና ለቆሎ፣ ይህን ያህሉ ለማኅበር ጠላ። ‹‹በቀን ሁለት ኪሎ ብትሰጡት በሦስት ወር ሁለት ኩንታል ሊሞላ ምን ይቀረዋል? ክረምቱን ፈረሱ ይጋልበን እንግዲህ!›› አሉ። ሂሳባቸው ትክክል ነው። ከተሜ ሆኖ ‹‹ለምስኪኑ እንስሳ እዘኑለት›› ማለት ቀላል ነው፤ የጎተራውን ወለል የሚያይ ሰው ግን የሚያዝንለት ብዙ አፍ አለው።

አጎቴ አልተረቱም። ለካስ ሰው ሳያያቸው በየማለዳው አንድ ሁለት እፍኝ ገብስ ለዳማው ይሰጡ ኖሯል። ያጋለጧቸው ዶሮዎቹ ናቸው። ፈረሱ ፋንድያውን በጣለ ቁጥር ዶሮዎቹ እየተሻሙ ይጭሩታል። አክስቴ ጠጋ ብለው ቢያዩት፣ ገብሱ እንደገባ ፍሬው ሳይሰበር ወጥቷል። ‹‹አንቱ፣ ፈረስ ሳይሆን ዶሮ ነው ያደለቡት!›› አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አጎቴ አልሳቁም።

ሌላም ያዩት ነገር ነበራቸው። ፈረሱ ከቆመበት ሥር የታኘከ ሣር እየተድቦለቦለ ይወድቃል። ‹‹ይህ ፈረስ ይተፋል›› ብለው ከጾም በፊት ጀምረው ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው አልነበረም። የበሽታው ስም ባይኖራቸውም በሽታውን ያገኙት እሳቸው ነበሩ።

*   *   *

በሦስተኛው ቀን አንድ የእንስሳት ሐኪም መጣ። ወጣት ነው፤ ከቦርሳው ውስጥ እጀታው የረዘመ ሞረድ ይዞ ነበር። ፈረሱን ከመንካቱ በፊት አክስቴን ምን እንዳዩ ጠየቃቸው። የወደቀውን ድብልብል ሣርና የዶሮዎቹን ነገር ሲነግሩት ‹‹እናቴ፣ ግማሹን ሥራ ጨርሰውልኛል›› አለና የፈረሱን አፍ ከፈተ።

የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየገፋ ይወጣል፤ ማኘኩ ደግሞ ይሞርደዋል። ችግሩ እኩል አለመሞረዱ ነው። የላይኛው መንጋጋ በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል እንደ ቢላ ስለት ያወጣል። ስለቱ ጉንጭና ምላስ ይቆርጣል። ያመመው ፈረስ ሣሩን ግማሽ መንገድ አኝኮ ይጥለዋል፤ ገብሱን ደግሞ ሳያደቅ ይውጠዋል። ዳማው የተራበው ጎተራ አጠገብ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ዕድሜውን ወደ 14 ገመተና ስለቱን ሞረደለት። የትል መድኃኒትም ሰጠው፤ የአንጀት ትል ያለበትን ፈረስ ማብላት ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነውና።

ከዚያ ገመድ አውጥቶ ለካው። የደረቱ ዙሪያ 140 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት 130 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ ደግሞ አባዛ፣ ለ11,880 አካፈለ። 214 ኪሎ ገደማ መጣ። ሚዛን በሌለበት አገር ፈረስ የሚመዘነው እንዲህ ነው።

ከክብደቱ ይልቅ ግን የእጁ ምርመራ አስገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሄነኬ የተባለ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ የፈረስን ሥጋ መግለጫ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ከፋፍሎ አውጥቷል። አንገት፣ ጫንቃ፣ ከትከሻ ኋላ፣ ጎድን፣ ወገብና የጅራት ሥር ይዳሰሳሉ። 1 ቆዳና አጥንት ብቻ የቀረ ነው፤ 9 ስብ ያነቀው ነው። ጥሩው መሐሉ ነው፤ 5 ላይ ያለ ፈረስ ጎድኑን እጅ ያገኘዋል እንጂ ዓይን አያየውም። ዳማው 2 አገኘ። አጎቴ ‹‹ከስንት?›› ብለው ጠየቁ። ‹‹ከዘጠኝ›› ሲላቸው አንገታቸውን ደፉ። ልጁ ፈተና የወደቀበት አባት ይመስሉ ነበር።

አማቹ ሌላ መላ አመጣ። መርሐቤቴ ዘመድ አለው፤ እዚያ የጤፍ ጭድ አለ፣ የማሽላ አገዳ አለ። ፈረሱ ወርዶ ክረምቱን እዚያ ይክረምና በመስከረም ይምጣ አለ። ሐኪሙ እንዲህ ሲል ከለከለ፤ የደጋ ፈረስ በክረምት ወደ ቆላ ከወረደ በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይጠብቀዋል። በሽታው ሲይዝ ሳንባን ይመታል፤ ፈረስ ከአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ በቀናት ውስጥ ይሞታል። አባቶች ወደ ቆላ ሲወርዱ በቅሎ ይመርጡ የነበረው አለምክንያት አይደለም። ጓያም እንዳይሰጠው አስጠነቀቀ። ጓያ ሲዘወተር የሰውን እግር እንደሚያሽመደምድ እናውቃለን፤ ፈረስም ከእንስሳት ሁሉ ለእሱ ደካማ ከሆኑት ወገን ነው።

እንግዲህ መኖው እዚያው ተራራው ላይ መገኘት አለበት። ከየት?

*   *   *

መንዝን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚከፈል፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ የሆነ ደጋ ነው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ነፋስ ነው። ከፍ ያለው መንዝ ጤፍ አያበቅልም፤ ገብስና ባቄላ ነው። በግ የአገሩ ሀብት ነው፤ ከጠጉሩ ባና ይሠራል። በስተምሥራቅ ጠርዙ ላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው የጓሳ ሜዳ ተዘርግቷል። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የአገር ሥርዓት (ከቅርብ ጊዜው የፖለቲካ ቃል ጋር አይምታታ) ሜዳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ፣ ለቤት ክዳን እያጨደ ሲጠብቀው ኖሯል። ሥርዓቱ የላላው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የአባት ርስትን ሲያስቀር ነው፤ ዛሬ ሜዳው በኅብረተሰቡ የተጠበቀ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

የመንዝ አፈ ታሪክ እንደሚለው አስቦና ጌራ የሚባሉት ቀደምት አባቶች ጓሳን የተካፈሉት በፈረስ ግልቢያ ነው። የአስቦ ፈረስ ቀድሞ እንደወደቀና የጌራ ድርሻ ስለዚህ እንደሰፋ ይተረካል። እውነትም ይሁን ተረት፣ አንድ ነገር ይታየኛል፤ በዚያች ቀን የመሬቱን ወሰን ያሰመረው የፈረሶቹ ጉልበት ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ፈረሶቹን ማን በምን እንዳበላቸው ግን አፈ ታሪኩ አያወሳም።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ያኔ ፈረስ መሬት ይወስን ነበር፤ አሁን መሬት ፈረስን ይወስናል። ማሳው ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ግጦሹ እየታረሰ ሄደ። የአጎቴ ፈረስ የሚሰማራበት ከወንዝ ዳር የቀረች ቁራጭ መስክ ናት፤ በጎቹ ቀድመው እስከ ሥሩ ግጠዋታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይወጣል፤ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ይገባል። ገብቶም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ጋጣው ውስጥ ይታሰራል። ውርጩ ስለሚከፋና ሌባም ስለሚፈራ እንጂ ለክብሩ አይደለም። ዜኖፎን የተባለው ግሪካዊ የጦር ሰው ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ ጋጣው ጌታው ዘወትር በሚያየው ቦታ እንዲሆን መክሯል። የመንዝ ሰው ያለ ዜኖፎን ምክር ይህን ያደርጋል። ታዲያ ዳማው ጌታው እያየው፣ በጌታው ቤት ውስጥ፣ እንዴት ከሳ?

ሐኪሙ የጠየቀው ጥያቄ መልሱን ይዞ ነበር። ‹‹ማታ ምን ይበላል?›› አለ።

‹‹ማታማ ይተኛል›› አሉ አጎቴ። ‹‹እንደ በሬዎቹ ነዋ!››

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ የበሬ ሰዎች ነን። የእንስሳ ዕውቀታችን የተገነባው በበሬ ዙሪያ ነው። በሬ አራት ክፍል ያለው ትልቅ ከርስ አለው፤ ቀን የጋጠውን ጠቅጥቆ ይገባል፤ ሌሊት ጋደም ብሎ እየመለሰ ያመነዥካል። ራቱን በሆዱ ይዞ የሚገባ እንስሳ ነው። ፈረስ ግን አያመነዥክም። ጨጓራው አንድ ነው፤ ለአካሉም ትንሽ ነው። የሣሩን ጭረት የሚያብላላው ከኋላ፣ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ነው። እንደ በሬ አጥብቆ አይጨምቀውም፤ ግን ቶሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ፈረስ ደካማ መኖ እንኳ ቢሆን ብዙ ካገኘ ይኖርበታል፤ ትንሽ ካገኘ ግን ያልቃል። በነጻ የተለቀቀ ፈረስ ከሌት ተቀን 14 እና 16 ሰዓት ሲግጥ ይውላል፣ ያድራል። ዳማው ግን በተጋጠ መስክ ላይ ስምንት ሰዓት ውሎ፣ አሥራ ስድስቱን ሰዓት ባዶ ግርግም ፊት ቆሞ ያድራል። ጎኑ ያሉት በሬዎች ሲያመነዥኩ እየሰማ!

አክስቴ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ‹‹እስከ ዛሬ እራቱን ሳይበላ ነዋ ያደረው›› አሉ።

ሐኪሙ ቁጥር ነገራቸው። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 100 እጅ 2 እስከ 2 ተኩል የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለዳማው ከ4 ኪሎ በላይ እስከ 5 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። መስኩ የሚሰጠው ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም። የጎደለውን ግን መጀመሪያ መሙላት ያለበት ገብስ አይደለም። ለሦስት ሳምንት ገብስ የሚባል እንዳይቀምስ አለ። አጎቴ ሊቆጡ ምንም አልቀራቸው። ‹‹የከሳን ፈረስ ያለ ገብስ?››

‹‹አባቴ፣ በገብስ ይሞትብዎታል›› አለ ሐኪሙ። ሲራብ የከረመ አካል በድንገት እህል ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልቡ ሊቆም ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከማጎሪያ ካምፖች የወጡ ረሃብተኞች ጠግበው የሞቱት በዚህ ነው። እህል ሲበዛም የፈረስ አንጀት ይታመማል፤ ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም፤ የገባው አይመለስም። ኮቴው ድረስ ዘልቆ የሚያሽመደምድ ሕመምም ያስከትላል።

ይህን ቀድመው የተረዱት አክስቴ ናቸው። ‹‹በሰባ ሰባቱ ረሃብ አይተነዋል›› አሉ። ‹‹የተራበ ሰው ሲመጣ አጥሚት ነበር የሚቀመሰው፤ ያውም በትንሽ በትንሹ። እንጀራ አይሰጡትም ነበር።›› ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። 77ን ያየ ሰው ሲናገር በመንዝ ቤት ውስጥ የሚያቋርጥ የለም።

*   *   *

ቀለቡ እንዲህ ሆነ። ዳማው ገጣባው እስኪድን ኮርቻ አይጫንበትም። ማታ ሲገባ ድርቆሽ ይቀርብለታል፤ ከመኝታ በፊት የገብስ ጭድ፤ ዶሮ ሲጮህ ደግሞ የባቄላ ገለባ። የባቄላ ገለባ በገንቢነቱ ከገብስ ጭድ እንደሚበልጥ ሐኪሙ ሲናገር አክስቴ ‹‹ይህንንማ በጎቹ ነግረውናል›› አሉ። ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከእህል በፊት። የሚልሰው ጨው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ግማሽ ኪሎ፣ ማታ ግማሽ ኪሎ ገብስ፣ ያውም ተከክቶና ርሶ፣ ከገለባ ጋር ተደባልቆ፤ በአንድ ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። ይህም ለሁለት ወር ነው፤ 60 ኪሎ ማለት ነው። አክስቴ በልባቸው ደመሩት። ሁለት ኩንታል ይሄዳል ብለው ለተጣሉለት ጉዳይ 60 ኪሎ! ‹‹ለማኅበሩ ጠላ ከያዝኩት ግማሹ ይቀነሳል፤ ሰው ዘንድሮ ቀጠን ያለ ይጠጣ›› ብለው ፈረዱ።

ድርቆሹ ግን ከበሬዎቹ ድርሻ መቀነስ ነበረበት፤ ወቅቱ ደግሞ የእርሻ ነው። ከባዱ ክርክር ይህኛው ነበር። በመጨረሻ ልጆቹ በየድንበሩና በየቦዩ ዳር እየተሯሯጡ ሣር እንዲያጭዱ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከገብሱ ማሳ የሚታረመው ሲናርና ለምለም አረም ተሸክመው እንዲያመጡ ተስማሙ። ለከርሞ የድርቆሹ ማሳ ሣር ታኅሣሥ ላይ ደርቆ ቢጫ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ጥቅምት ላይ ሲያብብ እንዲታጨድ ሐኪሙ መከረ። የደረቀ ሣር ክምሩ ትልቅ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን በነፋስ ሄዷል።

ሌሊት የሚነሱት አክስቴ ናቸው። ይህን ማንም አልወሰነም፤ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እዚያው ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ። ዶሮ ሲጮህ ይነሳሉ፤ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ በእንቅብ ገለባ ይዘው ወደ ጋጣው ይገባሉ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ የማኘክ ድምፅ ይመጣል፤ ረገጥ ረገጥ የሚያደርግ፣ የማይቸኩል። ስለቱ የተሞረደ ጥርስ ድምፅ ነው።

ስመለስ ደብረ ብርሃን ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ የጋሪ ፈረስ ቆሟል፤ ጋሪም የለው፣ ልጓምም የለው፣ ጌታም የለው። ትከሻው ላይ የቀንበሩ ቁስል ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ያሉትን በየከተማችን መግቢያ እናያቸዋለን፤ እናልፋቸዋለን። ባጃጅ ሲመጣ፣ ጋሪ ሲከለከል፣ ጉልበት ሲያልቅ የተለቀቁ ናቸው። አገራችን ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ እንዳላትና በአፍሪካ ቀዳሚ እንደሆነች ስንናገር ደስ ይለናል። ከሁለት ሚሊዮኑ ስንቱ ራቱን በልቶ እንደሚያድር የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ ዳሌውን፣ ጎድኑን፣ አንገቱን አየሁ። ሐኪሙ ያስተማረኝ ደረጃ ከመጀመሪያው ቁጥር አላለፈልኝም።

*   *   *

በ2012 ዓ.ም ለጥምቀት እንደገና ወጣሁ። አጎቴ ሰላምታ ሳይጨርሱ ገመድ አቀበሉኝ። የደረቱ ዙሪያ 149 ሆኗል፤ ሂሳቡን ሠራነው፤ 243 ኪሎ ገደማ መጣ። በስምንት ወር ወደ 29 ኪሎ ጨምሯል። እጄን ጎኑ ላይ አሳለፍኩ፤ ጎድኑ ከእጄ ሥር አለ፣ ዓይኔ ግን አያየውም። አጎቴ ‹‹አምስት ነው አይደል?›› አሉኝ፤ ቁጥሩን አልረሱትም። ጉግስ ግን አልገባም፤ ለሱ ጊዜው አልፏል። ሰውየውን ይዞ ታቦቱን አጀበ፤ ይዞአቸው ተመለሰ። ለዚህም አይደል የተበላው ሁሉ የተበላው?

ዳማው ከዚያ በኋላም ለአጎቴ ሠርቷል። አጎቴ በ2015 ዓ.ም የካቲት ላይ አረፉ። ስደርስ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ነበር። እንደ አገሩ ወግ ኮርቻው ተጭኖ፣ ግላሱ ተደርጎለት፣ የጌታው ካባ ጣል ተደርጎበት ፈረሱ በለቀስተኛው መሐል ተሳበ። ባዶ ኮርቻ ያየ ሁሉ አዲስ ያለቅሳል። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ ‹‹አቤት፣ እንዴት ያለ ጥጋብ ያለው ፈረስ ነው! ሰውየው እጁ ሙሉ ነበር›› አሉ። ዕድሜውን ቢጠይቁ 18 ገደማ ነበር።

ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። አክስቴ ጥቁር ለብሰው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ተነሱ። ከሐዘኑ ብዛት መስሏቸው ሁለት ሴቶች ሊደግፏቸው አብረው ተነሱ። እሳቸው ግን ጥጉ ላይ ካለው ክምር በእንቅቡ ገለባ መሙላት ጀመሩ። አንዷ እጃቸውን ይዛ ‹‹እማማ፣ ዛሬስ ይተዉት፤ ለዛሬ ሌላ ሰው ያብላው›› አለቻቸው።

‹‹ሌሊቱ እኮ ዛሬም ያው ረጅም ነው›› አሉና እንቅቡን ይዘው ወደ ጋጣው ገቡ።